ከጥሩሩ ውስጥ ያለው ሰው



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ ለዚህ እትም ከደረሱን ሥራዎች መካከል ብዙ ያከራከረን አንድ ስዕል ነው። የላከልን የመጀመሪያ ዓመት የምህንድስና ተማሪ የሆነ ወንድማችን ነው። በእርሳስ፣ በትልቅ ጥንቃቄ የተሠራ የጦር ልብስ ነው። ልብሱ ከአናት እስከ እግር ጥፍር ብረት ነው። ደረቱ እንደ በር የወፈረ፣ ትከሻው እንደ ጎሽ የሰፋ፣ የራስ ቁሩ ቀንድ ያለው ሲሆን ዓይን በሚኖርበት ቦታ አንዲት ጥቁር ክፍተት ብቻ አለች። በዳርና ዳሩ በቀስት እያመለከተ ማብራሪያ ጽፎበታል፤ ይህ የኃይል ምንጩ፣ ይህ የማቀዝቀዣ ቱቦው፣ ይህ ጥይት የማይበሳው ንጣፍ እያለ። ከስሩ ያሰፈረው ርዕስ ደግሞ ልብሱ የማን እንደሆነ ይናገራል፦ በሩቅ ወደፊት ዘመን ያለ አንድ የወንጀል ድርጅት ምርጥ ገዳዮቹን የሚያለብሳቸው ከባድ ጥሩር ነው።

ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለችው ሰዓት ተሰብስበን ተነጋገርንበት። ሕይወት ያለውን ነገር መሳል የሚለውን መስአላ ያነሳ ወንድም ነበር። እሱን ለዑለሞቻችን ትተነዋል፤ በጉዳዩ ላይ ያለው ዝርዝርም የታወቀ ነው። ሌላው ወንድም፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ምን ያከራክራል አለ። በመጨረሻ አንዲት እህት የጠየቀችው ጥያቄ ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ይህን ያህል ከተለፋበት ለምን ለወታደር ወይም ለእሳት አደጋ ሠራተኛ አልሆነም? ለምን የወንጀለኛ ልብስ ሆነ? አለች።

ይህ ጽሑፍ ለእሷ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው። ወንድማችንን ለመውቀስ አልተጻፈም። ሁላችንንም የሚመለከት ነገር ስላገኘንበት ነው።

መጀመሪያ እውነቱን እንናገር። እኛም እንዲህ ያለውን ነገር እንወዳለን። በፍላሽ ከዶርም ዶርም የሚዘዋወሩትን ተከታታይ ፊልሞች ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። የስልካችን ገጽ ላይ የራስ ቁር ያጠለቀ ሰው ምስል ያለን አለን። ስንወደው ግን ገዳይነቱን ወደን አይደለም። ከመካከላችን ሰው ለመግደል የሚመኝ የለም፤ አላህ ይጠብቀን። የምንወደው አለመነካቱን ነው። ያ ሰው ሲገባ ሁሉ ዝም ይላል። ጥይት ሲመታው አይወድቅም። ማንም ስሙን አይጠይቀውም፣ ማንም ፊቱን አያየውም። ከቤተሰቡ ርቆ የመጣ፣ ውጤቱ ያሳሰበው፣ ከተመረቀ በኋላ ሥራ ስለማግኘቱ እርግጠኛ ያልሆነ ወጣት፣ ማን ይነካኛል የሚል ልብስ ቢያምረው አይገርምም። ራቁትነት የተሰማው ሰው ልብስ ይፈልጋል። ጥያቄው የትኛውን ልብስ ነው የሚለው ነው።

ይህ የብረት ልብስ ወደ ወንጀለኛው እጅ የገባበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። በሳይንስ ፊክሽን ውስጥ በኃይል የሚንቀሳቀስ የጦር ልብስን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ሃይንላይን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ልብወለድ ነው። እዚያ ልብሱን የሚለብሰው ወታደር ነው። አዛዥ አለው፣ ሕግ አለው፣ ሲያጠፋ የሚቀጣው አለ። በልብወለዱ ፖለቲካ መስማማት አያስፈልግም፤ ልብሱ ግን ባለቤትና ተጠያቂ ነበረው።

ከዚያ በኋላ ስታር ዋርስ መጣ። በ1980ው ፊልም የታየው ቦባ ፌት የሚባለው ገጸ ባሕርይ ልብስ መጀመሪያ የታሰበው ለልዩ ወታደሮች እንደነበር ይታወቃል። የፊልሙ ንድፍ ሠሪዎች ራልፍ ማክኳሪና ጆ ጆንስተን ነጭ አድርገው ነበር የሠሩት። በኋላ ሐሳቡ ተቀየረና ልብሱ ቀለም ተቀብቶ፣ ተፋፍቆና ተጎዳድቶ ለአንድ ቅጥረኛ ተሰጠ። ለከፈለው ሁሉ ሰው አድኖ የሚያመጣ፣ በወንጀል አለቃው በጃባ ቤት የሚቆም ሰው ሆነ። በፊልሙ ውስጥ የሚናገረው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው፤ ፊቱም አይታይም። ሆኖም ከዋናዎቹ ጀግኖች እኩል የተወደደ ሆነ። ሰው የወደደው ልብሱን ነበር።

ወንድማችን የሳለው ቀንዳም የራስ ቁር ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስለናል። ዘ ክሎን ዋርስ በሚባለው የአኒሜሽን ተከታታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ በተላለፉት ክፍሎች፣ ሞል የሚባለው ገጸ ባሕርይ የወንጀል ድርጅቶችን አንድ በአንድ ያሰባስባል። ብላክ ሰን፣ ፓይክ፣ በመጨረሻም የሃቶቹ ጎሳዎች ከሱ ጋር ይሰለፋሉ። ይህን የሚያደርገው የማንዳሎርን ጥንታዊ የጦር ልብስ ከሚለብስ አንድ ታጣቂ ቡድን ጋር ተዋውሎ ነው። ያ ልብስ ቤስካር ከሚባል፣ የጨረር ሰይፍ እንኳ በቀላሉ ከማይቆርጠው ብረት የሚሠራ ነው። በዚያን ጊዜ ማንዳሎርን የምታስተዳድረው ሳቲን የምትባል፣ ጦርነትን የጠላች መሪ ነበረች።

ከተማዋን የያዙበትን መንገድ ልብ በሉ። ወንጀለኞቹ በተለያየ ቦታ ጥቃት ይጀምራሉ። ሕዝቡ ይሸበራል። መሪዋ መከላከል ያቅታታል። በዚህ ጊዜ ባለ ጥሩሮቹ ከሰማይ ይወርዱና እነዚያኑ ወንጀለኞች በሕዝቡ ፊት ያስራሉ። ሕዝቡም ያጨበጭባል። አስፈራሪውና አዳኙ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የተስማሙ መሆናቸውን የሚያውቅ የለም። ብዙም ሳይቆይ ሞል የቡድኑን መሪ ፕሬ ቪዝላን በፍልሚያ ይገድለዋል፤ ከሥልጣን ወርዶ የነበረ አንድ ባለሥልጣንንም ለይስሙላ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ያስቀምጣል። ለሞል ያደሩት ተዋጊዎች ልብሳቸውን ቀይና ጥቁር ይቀባሉ፤ አንዳንዶቹም በራስ ቁራቸው ላይ ቀንድ ይተክላሉ። የአባቶቻቸው የክብር ልብስ የወንጀል ድርጅት የደንብ ልብስ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የልጆች ፊልም ነው የሚል ሰው ካለ፣ ነገሩ ግን የልጆች አይደለም። ፍርሃትን ፈጥሮ ጥበቃን መሸጥ የወንጀል ቡድኖች አሮጌ ሥራ ነው። የሲሲሊ ማፍያ ከሱቅ ባለቤቶች ገንዘብ የሚሰበስበው በዚሁ መንገድ ነው። ሱቅህን ከሌባ እንጠብቅልሃለን ይሉታል፤ ካልከፈለ ሱቁን የሚያቃጥሉት እነሱው ናቸው። የሰውየው ጥንካሬ ከልብሱ ሳይሆን ከሌሎች ፍርሃት ነው የሚመጣው።

የሚገርመው፣ እነዚህን ታሪኮች የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ልብሱን ሙሉ በሙሉ አላመኑትም። ቦባ ፌት በ1983ቱ ፊልም የወደቀው በታላቅ ተዋጊ ተሸንፎ አይደለም። ዓይኑ ገና በቅጡ ማየት ያልጀመረ ሰው ዞር ሲል ሳያውቅ በያዘው እንጨት በጀርባው ያለውን መብረሪያ መታበት፤ መብረሪያውም ተነስቶ ወስዶ ከአውሬ አፍ ጣለው። ሊያድነው የተሠራው መሣሪያ ነው የጣለው።

በ2019 የጀመረው ማንዳሎሪያን የሚባለው ተከታታይ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነገር ያሳያል። ሰውየው አንድ ሕፃን አድኖ እንዲያመጣ ይቀጠራል። ሕፃኑን አስረክቦ ዋጋውን በቤስካር ብረት ይቀበላል። ብረቱ ቀልጦ አዲስ የደረት ጥሩር ይሠራለታል። ያማረ፣ የሚያብረቀርቅ ጥሩር ነው፤ በአንድ ሕፃን የተገዛ። በኋላ ያ ነገር አላስተኛ አለውና ተመልሶ ሕፃኑን ያወጣዋል። በሕጋቸው የራስ ቁርን በሰው ፊት ማውለቅ ክልክል ነው። ሆኖም በ2020 በታየው ሁለተኛ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ሕፃኑ ፊቱን አይቶት እንዲሄድ ሲል ያወልቀዋል። ያን ክፍል ያየን ሁላችን የምናስታውሰው ውጊያውን ሳይሆን ያችን ደቂቃ ነው። ስንት ሰዓት ሙሉ ስናደንቀው የነበረውን ብረት፣ በመጨረሻ ደስ ያለን ሲወልቅ ነው።

ከፊልም ወጥተን ወደ እውነተኛው ዓለም ብንመጣስ? የብረት ልብስ ለብሰው የወጡ ወንጀለኞች ነበሩ። በአውስትራሊያ፣ ኔድ ኬሊ የሚባለው ሽፍታና ጓደኞቹ ከማረሻ ብረት ጥሩርና የራስ ቁር ሠሩ። የኬሊ ልብስ ብቻውን ወደ 44 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1880 ግሌንሮዋን በምትባል መንደር ከፖሊስ ጋር ተታኮሱ። ጥይት ደረቱንና ራሱን እየመታ ይመለስ ነበር፤ በጨለማና በጭጋግ ያዩት ፖሊሶች ሰው አልመሰላቸውም። ግን ብረቱ እግሩን አይሸፍንም ነበር። እግሩን ተመትቶ ወደቀ፣ ተያዘ፣ በዚያው ዓመት በኅዳር 11 ሜልቦርን ውስጥ ተሰቀለ። ሦስቱ ጓደኞቹም እዚያው ግሌንሮዋን ሞቱ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1997፣ በሎስ አንጀለስ ኖርዝ ሆሊዉድ ሁለት ሰዎች ጥይት መከላከያ ለብሰውና ከባድ መሣሪያ ይዘው ባንክ ዘረፉ። የፖሊሶቹ ሽጉጥ አልሠራባቸውም። ተኩሱ ወደ 44 ደቂቃ ቆየ፤ ፖሊሶችና መንገደኞች ቆሰሉ። በመጨረሻ አንደኛው መንገድ ላይ ሞተ። ሁለተኛውን ፖሊሶች ከመኪና ስር አሻግረው፣ ያልተሸፈነ እግሩን መቱት፤ እዚያው ደም ፈሶት ሞተ። ሰው ራሱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አይችልም። እንኳን ሁለት ዘራፊ፣ የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች ዕዝ በ2013 ታሎስ ብሎ ይፋ ያደረገው የብረት ልብስ ፕሮጀክት እንኳ ከስድስት ዓመት ገደማ ሥራ በኋላ የታሰበውን ሙሉ ልብስ ሳያስገኝ ነው የቆመው። የምህንድስና ተማሪዎች ምክንያቱን ይገምቱታል፤ ክብደት፣ ሙቀት፣ የኃይል ምንጭ።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ጥሩር ለእኛ ለሙስሊሞች የፊልም ነገር ብቻ አይደለም። ቁርኣን ውስጥ አለ። በሱረቱ ሰበእ አላህ (ሱ.ወ) ለዳውድ (ዐ.ሰ) ብረትን እንዳለዘበላቸውና ሰፋፊ ጥሩሮችን እንዲሠሩ እንዳዘዛቸው እናነባለን። ከዚያው ጋር ሁለት ትእዛዞች ተያይዘዋል። አንደኛው ቀለበቶቹን በልክ እንዲያደርጉ፣ ሁለተኛው መልካም እንዲሠሩ፣ አላህ የሚሠሩትን ሁሉ ተመልካች መሆኑን በማስታወስ። በሱረቱል አንቢያእ ደግሞ ይህ ጥበብ ሰዎችን ከራሳቸው ጥቃት ለመጠበቅ የተሰጠ መሆኑ ይነገርና፣ ታመሰግናላችሁን? ወደሚል ትርጉም ባለው ጥያቄ ይዘጋል። እንግዲህ ጥሩር በራሱ ክፉ አይደለም። የነቢይ እጅ የሠራው ነው። ግን ልክ አለው፣ ተመልካች አለው፣ ምስጋና ይጠየቅበታል።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ውስጥም ጥሩር ደጋግሞ ይመጣል። በኡሑድ ቀን፣ በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ሁለት ጥሩር ደራርበው ነበር የለበሱት። በአላህ መመካት መጠንቀቅን እንደማይከለክል ከዚህ እንማራለን። ሆኖም በዚያው ቀን ቆሰሉ። በሲራ ኪታቦች እንደተዘገበው ከራስ ቁራቸው ላይ የነበሩ ሁለት ቀለበቶች ጉንጫቸው ውስጥ ገቡ፤ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) በጥርሳቸው ነክሰው ሲያወጧቸው የፊት ጥርሶቻቸውን አጡ። የአላህ መልእክተኛ እንኳ በብረት ውስጥ የማይነኩ አልነበሩም። ሶሓቦቹ የሚያውቁት ፊታቸውን ነው፤ ደሙንም አይተዋል።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ከሑነይን ዘመቻ በፊት የሆነውንም እናስታውስ። መካ ተከፍታለች። ሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ ገና አልሰለሙም፤ ብዙ ጥሩር አላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አሸናፊ ናቸው፣ ሠራዊቱ በእጃቸው ነው። ጥሩሮቹን ሲጠይቁ ሶፍዋን በጉልበት ልትወስድ ነውን የሚል ጥያቄ አነሱ። አይደለም፣ ዋስትና ያለው ውሰት ነው ተባሉ። ከጦርነቱ በኋላ ከጥሩሮቹ የተወሰኑት ጠፍተው ተገኙ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የጠፋውን እንተካልህን ብለው ጠየቁ። ሶፍዋን አይሆንም አሉ፤ ዛሬ በልቤ ውስጥ ያለው ያን ቀን አልነበረም በሚል መልስ። የሶፍዋንን ልብ የከፈተው የሠራዊቱ ብዛት አልነበረም። ሠራዊቱማ በሑነይን መጀመሪያ ላይ በብዛቱ ተደንቆ ምንም እንዳልጠቀመው ቁርኣን ነግሮናል። ልባቸውን የለወጠው፣ መንጠቅ የሚችል ሰው ተበድሮ ሲመልስ ማየታቸው ነው።

ዐሊይ (ረ.ዐ) ፋጢማን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ለመህር የሰጡት ምን ነበር? ጥሩራቸውን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዱንያ ሲለዩ ጥሩራቸው የት ነበር? ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ለቤተሰባቸው በወሰዱት ሠላሳ ሷዕ ገብስ ምክንያት አንድ አይሁዳዊ ዘንድ በመያዣነት ተቀምጦ ነበር። የዐረቢያን ምድር በእጃቸው ያስገቡ መሪ፣ ለገብስ ጥሩራቸውን መያዣ አደረጉ። ያ ነጋዴ ሊከለክላቸውና መያዣ ሊጠይቃቸው ይችል ነበር፤ ጠየቀም፣ ሰጡትም።

እነዚህን ጥሩሮች አንድ ላይ ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታያል። አንዱ በልክ የተሠራ ነው፣ አንዱ በውሰት የተወሰደ፣ አንዱ ለመህር የተሰጠ፣ አንዱ በመያዣ የተቀመጠ። ሁሉም ከሌላ ሰው መብት ጋር የታሰሩ ናቸው። ባለቤታቸው የሚጠየቅባቸው ጥሩሮች ናቸው። የወንድማችን ስዕል ላይ ያለው ጥሩር ግን የተሠራው ባለቤቱ እንዳይጠየቅ ነው። ለእህታችን ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የወንጀለኛው ልብስ የሚያምረን ከጥይት ስለሚጠብቅ ሳይሆን ከጥያቄ ስለሚጠብቅ ነው።

ከጥያቄ የሚጠብቅ ልብስ ደግሞ ብረት መሆን አያስፈልገውም። በመካ መከፈት ጊዜ ከበኑ መኽዙም ወገን የሆነች ሴት ሰረቀች። ጎሳዋ የተከበረ ነበርና ቁረይሾች ተጨነቁ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚወዱትን ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) አማላጅ አድርገው ላኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተቆጡ። ከእኛ በፊት የነበሩት የጠፉት የተከበረው ሲሰርቅ እየተውት፣ ደካማው ሲሰርቅ ግን እየቀጡት እንደሆነ፣ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብትሰርቅ እንኳ ቅጣቱ እንደማይቀርላት ተናገሩ። የዚያች ሴት ጥሩር የጎሳዋ ስም ነበር። በዚያ ቀን ተወለቀ።

አሁን ወደሚከብደን ነገር መጣን። እኛስ እንዲህ ያለ ጥሩር ለብሰን አናውቅም? ባለፈው ዓመት ለረመዳን ኢፍጣር ከተዋጣው ገንዘብ ላይ ሒሳቡ አልገጥም ያለበት ጊዜ ነበር። አንዲት እህት ደረሰኙን ጠየቀች። የሰጠናት መልስ፣ የጀመዓውን ስም አታጥፊ፣ ፊትና አታንሺ የሚል ነበር። በኋላ ነገሩ ሲጣራ አንድ ወንድም ቸግሮት ለራሱ ጉዳይ አውሎት እንደነበር ታወቀ፤ አላህ ይማረው፣ መልሶታል። ጥፋቱን የሠራው እሱ ነው። ጥሩሩን ያለበስነው ግን እኛ ነን። ፊትና የሚለውን ከባድ ቃል ወስደን ጠያቂዋን ዝም ማሰኛ አደረግነው። ሱረቱል ሙናፊቁን መሐላዎቻቸውን ጋሻ ስላደረጉ ሰዎች ስትናገር፣ ሃይማኖታዊ ቃል ራሱ መደበቂያ ሊሆን እንደሚችል እያስጠነቀቀችን ነው። ያች እህት እስከ ዛሬ በመዋጮ አትሳተፍም። አንወቅሳትም። ይቅርታ ግን በዚህ አጋጣሚ በይፋ እንጠይቃታለን።

የወንድምን ነውር መሸፈን ዲናችን ያዘዘው ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው። አንድ ሰው በራሱና በጌታው መካከል የሠራውን ኃጢአት ማውራት ሐራም ነው፤ እንሸፍንለት፣ በስውር እንምከረው። የሌላ ሰው ሐቅ የገባበት ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ወንድማችንን ተበድሎም በድሎም እንድንረዳው ተምረናል፤ በዳዩን የምንረዳው ከበደሉ በመከልከል ነው። ዝም ስንልለት የረዳነው መስሎን የራስ ቁሩን ነው ያጠበቅንለት።

ግቢያችን ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገ ግን ከዚህ ወጥተን መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ እንሆናለን። ወጣቶችን በባሕርና በበረሃ የሚሸጡ ደላሎች፣ በሐሰት ትርፍ የድሃ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች፣ ቀንድ ያለው የራስ ቁር አይለብሱም። ሱፍ ይለብሳሉ፣ ጀለቢያም ይለብሳሉ። የሚጠብቃቸው ብረት የእኛ ሰው ነው የሚለው ቃል ነው። የእኛ ሰው የሚለውን ዛሬ በኢፍጣር ሒሳብ ላይ የለመደ ሰው ነገ በትልቁ አያቅተውም።

ስለዚህ በሹራችን ሦስት ነገር ተስማምተናል። ከዚህ ወር ጀምሮ የጀመዓው ገቢና ወጪ በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ይለጠፋል። ገንዘብ የሚይዙት ሁለት ሰዎች ይሆናሉ፤ አንዷ ከእህቶች ወገን። ጥያቄ ያለው ሰው ለአሚሩም ሆነ ለማንኛውም የሹራ አባል በጽሑፍ ሲያቀርብ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ያገኛል። ጠያቂውን ፊትና ፈጣሪ የሚል ሰው ካለ እሱ ራሱ ይጠየቃል። ይህን ስናደርግ ስማችን ይጎዳል ብለው የሰጉ ወንድሞች አሉ። ስጋታቸው ይገባናል። ስማችንን የሚጠብቀው ግን መደበቃችን አይደለም። የሶፍዋንን ልብ ያስታውሱ።

ስዕሉስ? ወንድማችንን አናግረነዋል። ሥራው እንዲጠፋ አልፈለግንም፤ እጁ አላህ የሰጠው ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመንነው። በሁለተኛ ወረቀት ላይ ያንኑ ልብስ ወልቆ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲሠራው፤ ከአጠገቡም ማብራሪያውን እንደ ልማዱ በቀስት እንዲጽፍ፤ ማን ሠራው፣ በማን ገንዘብ ተሠራ፣ ሲጎዳ ማን ይጠይቃል፣ ሲያጠፋ ማን ይፈርዳል እያለ። ትንሽ ስቆ፣ ይሄ ከማቀዝቀዣ ቱቦው ይከብዳል አለን። ልክ ነው፣ ይከብዳል። ቦታውን ለሚቀጥለው እትም ይዘንለታል።

ለራሳችንም የምንለብሰው ልብስ አለን። ቁርኣን ከልብሶች ሁሉ በላጩ የተቅዋ ልብስ መሆኑን ነግሮናል። ጾምም ጋሻ እንደሆነ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። ይህ ልብስ ፊትን አይሸፍንም፣ ስምን አይደብቅም። በሱረቱ ያሲን እንደተነገረው አፍ ታትሞ እጅ የሚናገርበት፣ እግርም የሚመሰክርበት ቀን አለ። በዚያ ቀን ኔድ ኬሊም፣ እኛም፣ የትኛውም ባለ ጥሩር ያለ ብረቱ ነው የሚቆመው።

አላህ ነውራችንን በእዝነቱ ይሸፍንልን፤ የሰውን ሐቅ ግን ከመሸፈን ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።